የቤንጋሉ ጨርቅ ፒኜቶ ገባ

ሮም፣ ጥር 1974 ዓ.ም.

ማክሰኞ

የቤንጋሉ ጨርቅ አልተገኘም። አሠሪዬ ሲኞራ ቁምሳጥኑን ሁለቴ አስገለበጡኝ፣ አልጋ ሥርም አስገቡኝ። እኔም አብሬ ፈለግኩ፤ የት እንዳለ እያወቅኩ! እሑድ ዕለት ከሚጣሉ ጨርቆች ጋር ተቀላቅሎ ስላየሁት፣ ፒኜቶ ሰፈር ለምትኖረው ለለተብርሃን ወስጄ ሰጥቻታለሁ። ከአሥመራ በሱዳን በኩል የመጣች አራስ ናት። ጨርቁ ያረጀ፣ የተጣጣፈ፣ እንደ ጥጥ የለሰለሰ ነው። እኛ ጨቅላ የምንጠቀልለው በአዲስ ጨርቅ መች ነው? አዲስ ቆዳውን ይልጠዋል።

"ቅዳሜ እንግዶቼ የሚመጡት እሱን ሊያዩ ነው" አሉ ሲኞራ።

ረቡዕ

ሲኞራ እስያን ዞረው አሮጌ ጨርቅ የሰበሰቡ ሴት ናቸው። ሰው ወርቅ ይሰበስባል። ዛሬ ሳልጠይቃቸው አስረዱኝ። ቤንጋል የሚባል አገር ሴቶቹ ያለቀ ሳሪ አይጥሉም፤ ይደራርቡና በጥቃቅን ስፌት ይሰፉታል፣ ሲቀደድ ደግሞ ሌላ ይጨምሩበታል። ካንታ ይሉታል።

"ምን ያደርጉበታል?" አልኳቸው፣ ለወሬ ያህል።

"ሕፃን ይጠቀልሉበታል።"

መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ቀጥሎ ፈራሁ። ከዚህ ቤት ካባረሩኝ ፔርሜሶዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ አይታደስም። ፔርሜሶ ከሌለ አገርሽ ግቢ ነው። አገር ቤት ደግሞ ወንድሜን ያሰሩት የቀበሌ ሰዎች የእኔንም ስም ይዘዋል። ነገ ሐሙስ ነው፣ ከሰዓት ዕረፍቴ ነው። ሄጄ አመጣዋለሁ።

ሐሙስ

አላመጣሁትም። ልጅቷ ተጠቅልላበት ተኝታለች። ይባስ ብሎ ለተብርሃን ዳሩ ላይ የተቀደደውን አይታ፣ ከነጠላዋ እራፊ ቆርጣ ሰፍታበታለች፤ ያውም በጥቁር ክር። "አየሽ፣ ቀዳዳውን ደፈንኩት!" አለችኝ ደስ ብሏት። የማን ዕቃ እንደሆነ ስነግራት ደነገጠችና ልጅቷን ልትፈታት ተነሳች። "ተዪያት፣ ይበርዳታል" ያልኩት እኔው ነኝ። ጀግና!

እንደተመለስኩ ለሲኞራ ሁሉንም ተናገርኩ። መነጽራቸውን አወለቁ። "ነገ ትወስጂኛለሽ" አሉ።

ዓርብ

በትራም ሄድን። ለተብርሃን ወንበር ጠርጋ አቀረበች፣ ሲኞራ ግን አልተቀመጡም። ጎንበስ ብለው የጨርቁን ዳር ገለጥ አደረጉና ያቺን እራፊ በጣታቸው ዳበሷት። ስፌቱን እስከ ጫፉ ተከተሉት። ልጅቷ አነጠሰች።

"ሸፍኛት" አሉኝ።

ስንመለስ እኔ በልቤ ሻንጣዬን እያሰናዳሁ ነበር። ኋላ አላስቻለኝም።

"ለነገዎቹ እንግዶች ምን ይሏቸዋል?"

"ጨርቁ ሥራ ይዟል እላቸዋለሁ።" በመስኮቱ ወደ ውጭ እያዩ ነው የሚናገሩት። "አሎራ፣ እንግዲህ ሰኞ ጠዋት ሌላ ነገር እንዳትይዢ። ፔርሜሶሽን ልናሳድስ እንሄዳለን።"

"ቫ ቤኔ፣ እሺ" አልኩ፣ እንደ ቀላል ነገር። ቤት ገብቼ እራት ሳዘጋጅ ግን እንባዬ ዝም ብሎ ይወርድ ጀመር። በሽንኩርት እንዳላሳብብ፣ የያዝኩት ድንች ነው።