ኦኪር የዘለለው ስም

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ ለአምና ሐመድ፤

እንደምን ሰነበትሽ እታለም? ጉልበትሽን ተሻለሽ ወይ? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? ባልሽ ጣሂር ከሽንኩርት እርሻው ጋር እንደተጣላ ነው ወይስ ታረቁ? የካሰላ ሙቀት ቀለል አለላችሁ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ናፍቆታችሁ ብቻ ነው ያስቸገረኝ።

በመጀመሪያ ሳፍርበት የሰነበትኩትን ነገር ልንገርሽና ይውጣልኝ። ያን ጁምዓ እህል ነጋዴው ሱቅ ድረስ ተጠርተሽ፣ «አንቺ ልጅ፣ በስልክ አይቀለድም፤ ለእናትሽ እነግርብሻለሁ» ብለሽ የዘጋሽው እኔ ላይ ነው። የእኔ እናት ያው እናትሽ ናት፣ አላህ ይዘንላት። ከባሕር በታች ባለው ቤታችን የምንተነፍሰው አየር ሂሊየም የሚባል ነገር አለበት፤ የሰውን ድምፅ የጫጩት ያደርገዋል። ጢማሙ ወንድምሽ ሲንጫጫ ከበላያችን ባለው መርከብ ላይ ስልኩን የሚያገናኙት ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ከመርከቡ አልፎ ወደ የብስ ለአንድ ሰው የተፈቀደው በወር አንድ ስልክ ነው፤ የእኔ በዚያ አለቀ።

ሥራውስ ብትዪኝ፣ ድሮ ለልብስ ቁልፍ የሚሸጠውን የሰደፍ ዛጎል ስለቅም ትንፋሼን ይዤ ወርጄ እወጣ ነበር። አሁን ስልሳ ሜትር ታች ከሦስት ፈረንሳዮች ጋር ሃያ ቀን ኖርኩ። ሰው እዚያ መኖር ይችል እንደሆነ ያጠናሉ፤ እኔ ኮራል የሚሉትን የባሕር ድንጋይ አሳያቸዋለሁ፣ ምግብም አበስላለሁ። ቤቱ ትልቅ የብረት በርሜል ነው። ወለሉ ላይ ያለው ቀዳዳ ሁልጊዜ ክፍት ነው፤ ባሕሩ እዚያ ቁጭ ብሎ ያይሻል፣ የቤቱ አየር ገፍቶ ስለሚይዘው አይገባም። በሩ ክፍት ሆኖ ግን መውጣት የለም። ሰውነታችን ያን አየር ጠጥቶታልና በአንድ ጊዜ የወጣ ሰው ደሙ እንደ ጣዱት ወተት ይገነፍላል። በብረት ክፍል ተዘግቶ ሦስት ቀን መጠበቅ አለበት። አባታችንን ስሰናበተው በዚያ በማይለቀው ሳል መሀል፣ «ሰው ባሕር የሚገባው ይዞ ሊወጣ ነው እንጂ ሊቀመጥበት ነው እንዴ?» ያለኝ ከጆሮዬ አልጠፋም።

አሁን ወደ ጭንቄ ልምጣ። መርከቡ ላይ ስልካችንን የሚጠብቀው የአጎታችን ልጅ ኦኪር ነው። በየሳምንቱ ከአገራችን ከሲንካት ሰው ሲመጣለት የቤታችንን ወሬ ያቀብለኛል። መጀመሪያ ጊዜ እንደ ደንባችን ከዝናቡ ጀመረ፤ ከዚያ ጉድጓዱን፣ ግመሎቹን፣ ከዚያ ሰዉን በዕድሜ፣ ከአባታችን ጀምሮ እያንዳንዱን በስሙ። ፈረንሳዮቹ ስልኩን ሲጠብቁ አፍሬ፣ «ኦኪር፣ አሳጥረው፤ ግመሎቹ ይቅሩብኝ» አልኩት። አዎ እታለም፣ ወሬ አሳጥር ያልኩ እኔ ነኝ።

ባለፈው ሳምንት ስጠይቀው «ሁሉም ደህና» ብሎ ስለ ዓሣ ያወራኝ ጀመር። ከእኛ ሰው ወሬ ያሳጠረ የሚደብቀው አለው። ግን ደግሞ አሳጥር ያልኩት እኔው። ሁለት ቀን ሙሉ ይህን ሳወጣ ሳወርድ ሽንኩርት ስከትፍ ጣቴን ቆረጥኩ። በሦስተኛው ቀን «ዛሬ ከዝናቡ ጀምርልኝ» አልኩት። «አንተ ጫጩት፣ መስመሩ ለሥራ ይፈለጋል» አለኝ። «ይፈለግ» አልኩት። ጀመረ። ዝናቡን አለ፣ ጉድጓዱን አለ፣ ግመሎቹን አንድ በአንድ ጠራ፤ ያቺ አንካሳዋ እንኳን አልቀረችም። ሰዉ ላይ ሲደርስ ግን ከአጎታችን ጀመረ። «ከእሱ በፊትስ?» ስለው መስመሩ ተበላሸ አለኝ። አልተበላሸም፤ ሲተነፍስ ይሰማኛል።

የቤቱ አለቃ በርናር ሾርባውን ቀምሶ፣ «ዛሬስ ባሕሩን ነው የቀቀልክልን» ብሎ ሊያሾፍ ሲል ፊቴን አየና ተወው። ነገርኩት። «ታች ላለ ሰው መጥፎ ወሬ እንዳይነገር ላይ ያሉት ታዘዋል፤ ደንግጦ እንዳይወጣ» አለኝ። ማንኪያውን አስቀምጦ፣ «የእኔ እናት መሞቷን የሰማሁት በአሥራ አንደኛው ቀን ነው። በመሀሉ ስስቅ የተነሳሁት ፎቶ አለ» አለ። መውጫው ክፍል አንድ ብቻ ስለሆነ አንዱ ከወጣ አራታችንም መውጣት አለብን፤ የቀረው የአሥር ቀን ጥናት ገደል ይገባል። ስልኩን አነሳና «እንወጣለን» አለ። ሌሎቹ ሁለቱ ካልሲያቸውን ከማድረቂያው ገመድ ላይ ሰበሰቡ።

ይህን የምጽፍልሽ ከብረት ክፍሏ ውስጥ ነው። እንደተዘጋች ከነእኛ ስበው መርከቡ ላይ አስቀምጠዋታል፤ አራት ሆነን ጉልበት ለጉልበት ተነካክተን ተቀምጠናል። ከመስታወቱ ማዶ ፀሐይ አለ፣ የሲንካት ተራሮች ይታያሉ። በሩ ግን የሚከፈተው ከነገ ወዲያ ቀትር ላይ ነው። ስልኩን የያዘው ሌላ ሰው ስጠይቀው «በሩን ጠብቅ» ብቻ ይለኛል። ኦኪር መስኮቱ ሥር የገመድ ክምር ላይ ጀርባውን ሰጥቶኝ ተቀምጧል። ከጠዋት ጀምሮ የማየው ጎፈሬው ላይ የሰካውን ሚዶ ነው። መስታወቱን ስመታው ሚዶው ይነቃነቃል፣ ፊቱ ግን አይዞርም። ደብዳቤው በትንሿ የዕቃ ማስገቢያ ከእኔ ቀድሞ ይወጣል።

ጣሂርን ሰላም በይልኝ። አማትሽን ሐጃ ዘይነብን እጅ ነሺልኝ። ለኢሳና ለሙሳ፣ እንዳትደባደቡ ብሏችኋል በያቸው። ለትንሿ ሰዓዲያ ከታች የለቀምኩላት ዛጎል አለ፤ ጆሮዋ ላይ ስታደርገው የአጎቷን ቤት ትሰማለች።

ከሁሉ በፊት መጠራት የነበረበት አባታችን ነው፤ እዚህ ያቆየሁት ረስቼው አይደለም። በሩ ሲከፈት ኦኪርን ወደ እኔ አዙሬ ከዝናቡ አስጀምረዋለሁ። አባታችን ዘንድ ሲደርስ የሚለኝን፣ ምንም ይሁን ምን፣ ያኑ ዕለት እጽፍልሻለሁ። አላሳጥርም።

ወንድምሽ አደሮብ ሐመድ
ፖርት ሱዳን ፊት ለፊት፣ ከመርከቡ ላይ
ረጀብ 9 ቀን 1385 ዓመተ ሒጅራ