የአቶ ሰብስቤ ንዋይ ሕይወትና የላንጋኖው ጉድጓድ

አቶ ሰብስቤ ንዋይ ከአባታቸው ከአቶ ንዋይ አስፋውና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዘመናይ ደገፋ በ1938 ዓ.ም. በወለንጪቲ ከተማ ተወለዱ። ትምህርታቸውን በወለንጪቲና በናዝሬት ተከታትለው በኤሌክትሪክ ሙያ ሠለጠኑ። በ1962 ዓ.ም. ከወይዘሮ አበበች ወዬሳ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ሁለት ሴቶች ልጆች አፍርተዋል። ዝምተኛ ነበሩ፤ እኔ ታናሽ እህታቸው አበዛሽ ግን ለሁለታችንም የሚበቃ አፍ ስላለኝ ይህን መጻፍ የእኔ ዕጣ ሆነ።

በ1974 ዓ.ም. ላንጋኖ አጠገብ በአንድ የእንፋሎት ቁፋሮ ሥራ ተቀጠሩ። ሥራቸው ሙቀትን በሚያሳይ የኢንፍራሬድ ካሜራ የሚያፈተልክ ጋዝ መፈለግ ነበር። ዓይን ምንም በማያይበት ቦታ ትኩሱ ጋዝ በካሜራው ውስጥ ነጭ ሆኖ ሲንቀሳቀስ ይታያል፤ የቀዘቀዘ ነገር ግን ጥቁር ነው። ጋዙ ጥቂት ሲሆን የተበላሸ እንቁላል ይሸታል፤ ሲበዛ ግን አፍንጫን ያደነዝዛል። ሠራተኛው ሽታው ሲጠፋ ጋዙ ያለቀ ይመስለው ነበር።

ነሐሴ 19 ቀን 1976 ዓ.ም. ረፋድ ላይ፣ ሥራው ለአብዮቱ በዓል ይድረስ ተብሎ ሁሉም ሲጣደፍ፣ አብሯቸው የሚሠራው ታናሽ ወንድማችን አብተው ሽታው ጠፍቷል ብሎ ካሜራውን ሳይጠብቅ ቧንቧው ወዳለበት ጉድጓድ ወረደ። ወንድሜ ሰብስቤ ካሜራውን ሲያነሡ ጉድጓዱ እስከ አፉ ነጭ ሞልቶ ነበር። አብተው ሲጠሩት አልመለሰም። ሀሰንና ገመዳ የተባሉ ባልደረቦቻቸው ሊያወጡት ሲሮጡ ወንድሜ መንገዱን ዘግተው ከለከሏቸው። ተለመኑ፣ ተሰደቡ፤ ንቅንቅ አላሉም። የኦክስጅን ጭምብል ከናዝሬት እስኪመጣ አራት ሰዓት ፈጀ።

ከዚያ ወዲህ «ወንድሙ ሲሞት ቆሞ ካሜራ ያያል» ተብለው ታሙ። እናታችንም እስከ ዕለተ ሞታቸው ከወንድሜ እጅ ውሃ አልተቀበሉም። ይህን ያወሩ ሰዎች ዛሬም እዚሁ መሃላችን አሉ። ዛሬ የወንድሜን ሬሳ ተሸክመው የመጡትን ሀሰንንና ገመዳን ይመልከቷቸው፤ ሁለቱም የልጆች አባት ናቸው።

ለእኔ ብቻ የነገሩኝ አንድ ነገር አለ። ቧንቧው ተዘግቶ ጋዙ ሲሳሳ፣ ግን ገና ገዳይ እንደሆነ፣ አብተው በካሜራው ታያቸው። መጀመሪያ ጣቶቹ ጠቆሩ፤ ቀጥሎ እግሮቹ፤ ከዚያ ፊቱ። ደረቱ ብቻ ለረጅም ጊዜ ነጭ ሆኖ ቆየ። ያ ሙቀት ከላዩ ሲወጣ እጁን የያዘው ሰው አልነበረም፤ ወንድሜን እንቅልፍ የነሣቸው ይህ ነው።

ለስምንት ወር በደረት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ጥቅምት 8 ቀን 1981 ዓ.ም. በ43 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ አበበች፣ ልጆቻቸው ውባለምና ትርንጎ፣ እኔም ቀርተናል። ሊገንዙ የመጡትን በር ላይ አስጠብቀን፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው እጃቸውን እኔ ደረታቸውን ይዘን፣ ጨርሶ እስኪቀዘቅዝ አልለቀቅናቸውም።

አምላክ ነፍሳቸውን ከአብተው ነፍስ ጎን ያሳርፍልን።