አሥራ አንድ ደቂቃ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን

ይድረስ ለበኩር ልጄ፣ ለግትሯ፤

ደህና መሆናችንን እናትሽ በስልክ ነግራሻለች፤ የጉልበቴንም ነገር አሳብቃብኛለች። እኔ የምጽፍልሽ በስልክ መናገር ያቃተኝን ነው።

ሰፈራችን ዩኒቨርሲቲ ሊሠራበት ነው። ስትሄጂ ሜዳ የነበረው ሁሉ ዛሬ ቤት በቤት ሆኗል፤ የልጁ ብዛትማ ጉድ ነው። “አካባቢውን የሚያውቅ ይኑር” ብለው እኔን ጡረተኛውን ቀያሽ የዕቅድ ኮሚቴው ውስጥ አስገቡኝ። እናትሽ በየቀኑ ሸሚዜን ትተኩሳለች፤ ሚኒስትር ያገባች መስሏታል።

መጀመሪያ የተሰጠኝ ሥራ ከዚህ እስከ ከተማው ዩኒቨርሲቲ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ማጣራት ነበር። ወጣቶቹ መሐንዲሶች ኮምፒውተር አይተው ሃምሳ ደቂቃ አሉ። እኔ ደግሞ በእግሬ ያልረገጥኩትን አልፈርምም፤ አመሌን ታውቂዋለሽ። እንደ ተማሪ ጎህ ሳይቀድ ተነስቼ ተሰለፍኩ። ሦስት አውቶቡስ፣ ያውም ቆሜ፣ ያውም ተገፍቼ። መንገዱ ሦስት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ፈጀብኝ። ግቢው በር አጠገብ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

የዚያን ዩኒቨርሲቲ ትምህርት ስታቋርጪ፣ “አባዬ፣ መንገዱ ሦስት ሰዓት ነው” ብለሽኝ ነበር። እኔ ግን ሰነፍ ሰበብ አያጣም አልኩሽ። ዕድሜ ልኬን የሰው መሬት ስለካ ኖሬ የልጄን መንገድ ሳልለካ ፈረድኩ። ይቅር በዪኝ።

ባለፈው ሳምንት ስብሰባ ላይ አንድ ትልቅ ሰው የዚህ አካባቢ ልጆች ጀምረው የሚያቋርጡት ፍላጎት ስለሌላቸው ነው፣ ትንሽ ኮሌጅ ይበቃቸዋል አለ። ተነሳሁ።

“የእኔ ልጅ አቋርጣለች። ሰነፍ ግን አልነበረችም፤ ሰነፉ መንገዱን ያልለካው አባቷ ነው” አልኩ።

ከዚያ አውቶቡስ ላይ ሆኜ የጻፍኩትን ደቂቃ በደቂቃ አነበብኩላቸው። ሙሉ ዩኒቨርሲቲ እንዲሆን ተወሰነ። ልጄ፣ በአንቺ እንዲህ ኮርቼ አላውቅም።

ዋናው በር አውቶቡስ ትጠብቂበት የነበረው ዛፍ ጋ ይሆናል፤ ከቤታችን በእግር አሥራ አንድ ደቂቃ። በእኔ ጉልበት ሃያም አይበቃው። የለካሁት በአንቺ እርምጃ ነው፤ እህትሽ ቁመቷ አንቺን አክሏል፣ እሷን አስሄድኳት።

የማታ ትምህርትም ይኖራል። የመግቢያ ደንቡ ላይ “ዕድሜ አይገድብም” የምትለዋን ያስገባኋት እኔ ነኝ። ለማን ብለህ ነው ሲሉኝ፣ ለአካባቢው ሕዝብ አልኩ።

መንገድሽን ሁሉ ያሳጥርልሽ።

አባትሽ፣ ቀያሹ