ቀዳዳው ውስጥ ልክ ስለገባው ቻርጀር

ለተከበሩ የግዥና ንብረት አስተዳደር ኃላፊያችን፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ደም ግፊትዎና እንቅልፍዎ ደኅና እንዲሆኑልዎ ዘወትር እመኛለሁ። ስለ ኅሊናዎ አልጠይቅም፤ ሥራ ያልበዛበት ነገር አይታመምም።

ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የለጠፍሁት እርስዎን ለማሳፈር አይደለም፤ የማይቻለውን አልሞክርም። ከቢሮዎ ጀርባ ያለው የድጋፍ ግንብ መሰንጠቁን፣ ስንጥቁን ስለካ መክረሜንና ግንቡ ከዝናቡ በፊት እንዲጠገን የማቀርበው ጥናት በላፕቶፔ ውስጥ እንደነበር ያውቃሉ። ጥናቱ ዛሬ የለም። ግንቡ ለጊዜው አለ። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

፩. የቻርጀሬ ገመድ ተበጥሶ ምትክ በጠየቅሁ ጊዜ፣ ምትክ የሚመረጠው በቻርጀሩ ላይ በተጻፈው ቮልትና አምፔር መሆኑን አስረድቼ ነበር። እርስዎም ጽሑፉ እንደማይታይ ነገሩኝ። እውነትዎን ነው፤ ክፍልዎ የንብረት ቁጥር ሲለጥፍ፣ ከዚያ ሁሉ ባዶ ፕላስቲክ መርጦ የለጠፈው ልክ ጽሑፉ ላይ ነው። ልላጠው ስል የንብረት መለያ መንካት እንደሚያስቀጣ አሳሰቡኝ። ስለ ጥንቃቄዎ አመሰግናለሁ። ሌባ እንኳ የሰረቀውን ዕቃ አገላብጦ ያያል።

፪. ከላፕቶፑ ሆድ ላይ አንብቤ አሥራ ዘጠኝ ቮልት መሆኑን ባመለክትዎ፣ ጠያቂ ለራሱ ዕቃ መምረጥ የለበትም በማለት ጉዳዩን ለኮሚቴ መሩት። ኮሚቴውም ከግምጃ ቤት ያገኘውን ቻርጀር ጫፍ የላፕቶፑ ቀዳዳ ውስጥ አስገባ፤ ጫፉ ገባ፤ ኮሚቴው ተጨባበጠ፤ ፈረመ። የተመረጠው የድምፅ ማጉያ ቻርጀር ነው፣ ሃያ አራት ቮልት። ገመዱ ረዘም ስለሚል ተጨማሪ ነጥብ እንደተሰጠውም ሰምቻለሁ። በዚህ ብልሃትዎ ጫማ ቢገዙ፣ እግር ገባበት ብለው ባልዲ ይዘው በመጡ ነበር።

፫. እኔ ግንቡ ሥር ሳለሁ ላፕቶፔን ለሙከራ ከጠረጴዛዬ አስወስደው በገዛ እጅዎ ሰኩት። ጭሱ ሲነሣ መስኮት ማስከፈትዎን፣ መንቀል ግን የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ድርሻ ነው ብለው ሰውዬው ከምሳ እስኪመለስ መጠበቅዎን ባልደረቦቼ የነገሩኝ በአድናቆት ነው። በማግስቱም ቻርጀሩ ፍጹም ጤነኛ እንደሆነና ጥፋቱ የላፕቶፑ መሆኑን በጽሑፍ አበሰሩኝ።

፬. ቅጂው የት አለ ለሚሉኝ፦ ፍላሽ መሰካትን የከለከለው ሰርኩላር ሥር ያለውን ፊርማ ይመልከቱ።

ባለቤቴ፣ ሰው ባለማወቁ አይሰደብም ብላ ትገሥጸኛለች። ልክ ነች። አለማወቅማ የሁላችንም ነው፤ ማኅተም የሚመቱበት ግን እርስዎ ብቻ ነዎት።

ለተቀመጡበት ወንበር ከሚገባው ጥልቅ አክብሮት ጋር፣ ወንበሩ ስለሚሸከመው ነገር ከልብ እያዘንሁ፣

ቀድሞ የላፕቶፕ፣ ዛሬ የሜትርና የእርሳስ ባለቤት የሆነው የመሥሪያ ቤቱ መሐንዲስ

ማሳሰቢያ፦ ስንጥቁን በእጄ እንደገና ለክቼዋለሁ፤ ግንቡ ክረምቱን አይሻገርም። ስለዚህ ጸሐፊዎ፣ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኞቹና ሾፌርዎ ሳይቀሩ ዛሬ ጠዋት ወደ ፊተኛው ሕንፃ ተዛውረዋል። ለእርስዎ የሚነግር ፈቃደኛ ብጠይቅ ሁሉም ጫማ ጫማውን አየ። እጅ ያወጣ ስላልተገኘ፣ ይኸው እኔው ነግሬዎታለሁ።