የመከላከያዋ ሃምሳ አለቃ

ማሂ፣ የኔ ክፉ፣

«የፀሐይ መከላከያው ሃምሳ ይላል፣ እኔን ግን አቃጠለኝ» ብሎ ለላብራቶሪያችን የጻፈውን ሰውዬ ታስታውሻለሽ? አንቺ «ሰው ቤቱ እንደኛ አወፍሮ አይቀባም» ስትይ ሳቅኩብሽ። አሁን ስሚ።

እዚህ ላስታ፣ ገነተ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆሜ ፊቴን መከላከያ ስቀባ፣ ጥላቸውን ዘርግተው የተቀመጡ መምሬ ኢያቄም የሚባሉ ቄስ «ሥራሽ ምንድን ነው፣ ልጄ?» አሉኝ።

«መከላከያ» አልኩና ቱቦውን አሳየኋቸው። «ይቺ ሃምሳዋ ናት።»

«ሃምሳ አለቃ!» ብለው ሊነሡልኝ!

«ኧረ በማርያም፣ ይቀመጡ መምሬ!» አልኩና የፀሐይ ቅባት መሆኑን አስረዳኋቸው። በፈቃደኞች ጀርባ ላይ ለእያንዳንዷ ካሬ ሴንቲ ሜትር ሁለት ሚሊግራም መዝነን እንቀባለን፣ መብራት እናበራበታለን፤ የተቀባው ቆዳ ለመቅላት ከባዶው ሃምሳ እጥፍ ጨረር ከፈጀ ሃምሳ እንለዋለን አልኳቸው። የላብራቶሪያችን ፀሐይ ማጥፊያ አላት፤ የላስታዋ የላትም።

መምሬ ፀሐይ የላጠውን አፍንጫዬን ትክ ብለው አዩና «አንቺስ መዝነሽ ነው የተቀባሽው?» አሉኝ።

«ኧረ… ስስ አድርጌ ነው።»

«እንግዲያውስ አሥር አለቃ ነሽ» ብለው ጥላቸውን ወደኔ ዘንበል አደረጉልኝ።

የዚያን የተቃጠለ ሰውዬ ደብዳቤ ከመሳቢያዬ አውጪና ሰውየውን በኔ ስም ይቅርታ ጠይቂልኝ። ልጅሽን ዓለምእሸትን ሳሚልኝ። ለአለቃችን ለሰሎሞን ሰላም በይልኝ፣ አፍንጫዬን ግን እንዳትነግሪው። የፖስታ ካርዱ ቦታ ስላለቀብኝ ጽሕፈቴንም እንደ ቅባቱ እያሳሳሁት ነው።

ማዕረጓ የወረደባት፣
አሥር አለቃ ፍሬ