የቄሱ ልጅ ገመድ

ነሐሴ 3፣ ከሰዓት
ደብተሬ፣ ዛሬም ገመድ ስጎትት ዋልኩ። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር እስከ ወንዙ። በየሜትሩ ቋጠሮ። ዝናብ አባረረኝ፤ ወረቀቱን ጉያዬ ውስጥ ከትቼ ሮጥኩ። ደስታዬ ግን!

መስከረም ላይ ት/ክፍል ልመርጥ ነው። ዘንድሮ ዩኒ. ውስጥ ሁሉንም ቀማመስኩ። ኬሚስትሪ እጄን አቃጠለኝ። ፍልስፍና አስተኛኝ። ባዮ. ላይ እንቁራሪት ቅደድ ሲሉኝ ላብ አጠመቀኝ። ጂኦግራፊ ብቻ ልቤን ወሰደው። መምህሩ ያገራችሁን መሬት ለክታችሁ፣ ሥላችሁ ኑ ብሎናል። እናቴ ገመድ መጎተት ምን እንጀራ ይሆናል ትላለች። አባዬ ሐኪም እንድሆን ነው የሚፈልገው። ገና አልነገርኩትም፤ እፈራለሁ።

ነሐሴ 6
ምን ነካቸው? ጎረቤታችንን እትዬ ዘነቡን እንዴት ዋሉ ብላቸው በሩን ዘጉብኝ። እኔን! አዝለው ያሳደጉኝ ሴትዮ። ጋሼ ይመርም በሬዎቻቸውን መካነ ሰላም ገበያ ነዱ አሉ። ገበሬ በሬውን ምን ሆኖ ይሸጣል?

እናቴ ወሬውን ከቅዳሴ ይዛ መጣች። የቄሱን ልጅ መንግሥት ልኮት ነው፣ ወደ አዲስ መንደር ሊያስነሱን እያስለኩት ነው ይባላል። አምና ከማዶ ያሉት ላይም መጀመሪያ ገመድ መጣ፤ ከዚያ ጣራቸው ፈረሰ፤ ሜዳ ላይ ተሰበሰቡ። ይህን እያወቅሁ እንዴት አላሰብኩም? ጭንቅላቴን ዩኒ. ረስቼው ነው እንዴ የመጣሁት!

ነሐሴ 8፣ ከቅዳሴ በኋላ
አባዬ ጠየቀኝ። ሁሉንም ነገርኩት፤ ጂኦ.ንም ጭምር። ይቆጣል ስል ጭራሽ! እሱም በልጅነቱ ዜማ ጀምሮ ትቷል፤ ቅኔ ፍለጋ ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም ከመምህር መምህር ዞሯል። መዞሬን አልነቀፈብኝም።

ግን የንስሐ ልጆቹ መቅረት ጀምረዋል። ለእሱ የተናዘዙት ለእኔ፣ ከእኔም ለገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር የሚደርስ መስሏቸዋል። ይህን ሲነግረኝ ቀና ብሎ አላየኝም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ! ገመዱን ለጥጃ ማሰሪያ ሰጠሁት።

ነሐሴ 11
ወይኔ። የገ/ማኅበሩ ሊ/መንበር አስጠራኝ። ሊያስረኝ ነው ስል ሰውየው ወንበር ሳበልኝ። የአውራጃው ቀያሽ ሌላ ቦታ ተጠምዷል፣ እስከ ኅዳር አይመጣም፤ አንተ አለህልን፣ ከነገ ወዲያ የአዲሱን መንደር ቦታ ትለካለህ አለኝ። ከለካሁ ለዩኒ. የድጋፍ ደብዳቤ። ካልለካሁ... ለውትድርና የሚመለምለው እሱ ነው። ይህን አልተናገረም። ሳቀ ብቻ፤ ሳቁ ነው የገደለኝ።

ብለካ የእትዬ ዘነቡን ጣራ በእጄ ማፍረሴ ነው። ባልለካ ጦር ሜዳ። እመብርሃን፣ መላ በይኝ።

ነሐሴ 13
ለካሁ። ማለቴ አልለካሁም። ሕዝቡ ቆሞ እያየ አንዱን ጎን ደጋግሜ ለክቼ በየጊዜው የተለያየ ቁጥር ጠራሁ። ሆን ብዬ። የሊ/መንበሩ ፊት ጠቆረ። ጂኦ. ወድቄያለሁ፣ ገመድ ስጎትት የከረምኩት ለመለማመድ ነበር፣ አልገባኝም አልኩ። ድምፄ በፍርሃት ተንቀጠቀጠ፤ እሱ ጠቀመኝ፣ እውነት አስመሰለው። ታጣቂዎቹ ሳቁብኝ። ሊ/መንበሩ ግን አልሳቀም። ደብዳቤ የለም፣ ስሙ ለውትድርና ይያዝ አለ።

ስመለስ እትዬ ዘነቡ መንገድ ላይ ጠበቁኝ። ጉንጬን አገላብጠው ሳሙኝ። «እሰይ የኔ ልጅ፣ እንኳንም አላወቅህ!» እንባዬ መጣ። ቀያሹ መምጣቱ አይቀርም። እስከዚያ አዝመራቸውን ቢሰበስቡ እንኳ ትልቅ ነገር ነው።

ነሐሴ 14፣ ማለዳ
አባዬ እውነት ወድቀሃል ወይ አለኝ። አዎ አልኩት። አባቴን ዋሸሁ! ምን ላድርግ? እውነቱን ቢያውቅ፣ ሊ/መንበሩ ሲጠይቀው መዋሸት አይሆንለትም። ቢገድሉትም አይዋሽም። መስቀሉን አሳለመኝና አይዞህ፣ ሂድና ሌላ መምህር ፈልግ አለኝ።

የእህል መኪና አሁን ወደ ደሴ ይወጣል። የገ/ማኅበሩ የይለፍ ወረቀት የለኝም፤ የተማሪ መታወቂያዬ ብቻ ነው ያለኝ። ኬላ ላይ ቢያወርዱኝስ? አንተን ቢያገኙብኝስ? ከበሶው ሥር እሸጉጥሃለሁ። ፈርቻለሁ ደብተሬ፣ አጥንቴ ድረስ። ግን እሄዳለሁ። ከደረስኩ አንደኛ ምርጫዬ ጂኦ.፣ ሁለተኛም ጂኦ.፣ ሦስተኛም።

ለአባዬ አልነግረውም። ሰነፍ ልጅ አለኝ ብሎ ይኑር።