የባዮሎጂ መምህራችን የጋሽ አጥንቱ ሕልፈት

ተማሪዎቻቸው «ጋሽ አጥንቱ» እያሉ የሚጠሯቸው አንጋፋው የባዮሎጂ መምህራችን፣ ቀድሞ አባታቸውን፣ ኋላም የበኩር ልጃቸውን በወሰደው የዘር ሕመም ሲሠቃዩ ቆይተው ማክሰኞ ጠዋት በመኖሪያ ቤታቸው ዐርፈዋል። የትምህርት ቤቱ ማኅበረሰብ መሪር ሐዘን ተሰምቶታል።

በ1985 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምሩ ቤተ ሙከራው ከሁለት ጠረጴዛና ከተሰነጠቀ መስኮት በቀር ምንም አልነበረውም። የፍየልና የድመት የፊት እግር፣ የዶሮና የሌሊት ወፍ ክንፍ አጥንቶችን ቀቅለው አጽድተው፣ በሽቦ አያይዘው ግድግዳው ላይ ሰቀሉ። ተማሪው የገዛ ክንዱን እየዳሰሰ፣ ከላይ አንድ፣ ከታች ሁለት፣ ቀጥሎ ትንንሾቹ እያለ ከአራቱም ጋር ያመሳክር ነበር። ሁሉም ከአንድ ጥንታዊ ቅድመ አያት የተወረሱ መሆናቸውን የተረዳነው በዚህ ነው። «ዘር ከልጓም ይስባል» የሚለውን ተረት እስከ ሌሊት ወፍ ድረስ አደረሱት።

በ1996 ዓ.ም. የዘር ውርስን በሳንቲም ማስተማር ጀመሩ። ከወላጅ ወደ ልጅ በእኩሌታ ዕድል የሚተላለፍ ሕመም ታላቁን ስለያዘ ታናሹ ተረፈ ማለት አይደለም፤ ሳንቲሙ ለእያንዳንዱ ልጅ እንደ አዲስ ይወረወራል። «ታላቁ ከወሰደው ታናሹ ነፃ ነው» ብሎ ለጻፈ ተማሪ ምሕረት አልነበራቸውም፤ በቀይ እስክሪብቶ ይሰርዙበት ነበር።

በ2009 ዓ.ም. የበኩር ልጃቸው ሲሞት ለማጽናናት የሄድን ባልደረቦቻቸው ስለ ታናሿ ሴት ልጃቸው «እንግዲህ ዕጣውን ወንድሟ ወስዶላታል፤ እሷ ትተርፋለች» አልናቸው። ቀና ብለው አዩንና «አሜን» አሉ። ከዚያ ወዲህ ያንን ምዕራፍ ሌላ መምህር እንዲያስተምርላቸው ጠየቁ።

«የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» ነውና፣ በ2012 ዓ.ም. የገዛ እጃቸው ጠመኔ አልይዝ ስላለ ሥራ አቆሙ።

የቤተ ሙከራችን ባለሙያ የሆኑት ሴት ልጃቸው ከዚህ መንፈቀ ዓመት ጀምሮ የብርጭቆ ዕቃ የሚያስነካ ሥራ እንዳይሰጣቸው አመልክተዋል። ምክንያቱን አልጠየቅናቸውም፤ ስብርባሪውን ስንጠርግ ከርመናል።

ለባለቤታቸው፣ ለልጃቸውና ለባልደረቦቻቸው ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን። መግለጫችንን ሁልጊዜ የምንዘጋው «የመጨረሻ ሐዘን ያድርግላችሁ» በማለት ነበር። ልጃቸው ረቂቁን አንብበው «እሷን አውጧት፤ አባዬ ቢያያት በቀይ ይሰርዛት ነበር» አሉን። አውጥተናታል።